«እስከ እሑድ እዚሁ ነን»፦ የግል መረጃ በኢንተርኔትና የቤት ስርቆት

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በወርኃ ጥር፣ ታላቅ እህቴ ልጇን አዲስ አበባ ላይ ስትድር ቤተሰቡ ሁሉ ከደብረ ታቦር ተነቅሎ መጣ። ቤት የሚጠብቅ አንድም ሰው አልቀረም። የመልሱ ዕለት አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አብረን የተነሳነውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ከሥሩም «የደብረ ታቦሩ ቤተሰብ አንድም ሳይጎድል አዲስ አበባ! እስከ እሑድ እዚሁ ነን» ብዬ ጻፍኩ። ሰው ወደደልኝ፤ ደስ አለኝ።

እሑድ አልደረሰም። ዓርብ ጧት ጎረቤት ደወለ። የበሩ ጓጉንቸር ተሰብሮ ቴሌቪዥኑ፣ ላፕቶፑና እህቴ ከእናታችን የወረሰችው የአንገት ወርቅ ተወስዷል።

ሌባው የእኔን ፎቶ አይቶ ነው የገባው ብዬ ማረጋገጥ አልችልም። ሕግ የተማረ ሰው ያለ ማስረጃ አይፈርድም፤ ሌባውም እስከ ዛሬ አልተያዘም። ቤተሰቡ ለሠርግ መሄዱን ሰፈሩም ያውቅ ነበር። ይሁንና እህቴ የለጠፍኩትን ካየች በኋላ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ መልስ አሳጥቶኛል። «አንተዬ፣ ያልነገርከው ሰው ማን ቀረ?»

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ጥያቄ ነው። ውድ አንባቢያን፣ ቤትን ከጓጉንቸርና ከአጥር በፊት የሚጠብቀው ስለ ቤቱ ማን ምን ያውቃል የሚለው ነገር ነው። ይህን ጥበቃ ደግሞ በገዛ እጃችን እያነሳነው ነው።

ሌባ ምን ማወቅ ይፈልጋል?

ቤት ሰብሮ የሚሰርቅ ሰው አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይሻል። ቤቱ ውስጥ ምን አለ? ቤቱ የት ነው? መቼ ነው ሰው የማይኖርበት? ድሮ ይህን ለማወቅ በሰፈሩ መመላለስ፣ ከሠራተኛ ጋር መወዳጀት፣ ቀን ቆጥሮ ማድባት ነበረበት። ሲመላለስም ይታያል፤ «ይህ ፀጉረ ልውጥ ማነው?» ይባላል። ዛሬ ግን ማንም ሳያየው፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ ሦስቱንም ጥያቄ መመለስ ይችላል።

የመጀመሪያውን ጥያቄ የምንመልስለት አዲስ መኪና፣ አዲስ ሶፋ፣ የሙሽራ ወርቅ ወይም ከውጭ ዘመድ የላከልንን ዕቃ በምስል ስናሳይ ነው። ሁለተኛውን የምንመልስለት የግቢያችንን በርና የሰፈራችንን ምልክት ከፎቶው ጀርባ ስናስቀር፣ ያለንበትን ቦታ ስንጠቁም፣ ወይም ያገለገለ ዕቃ በቴሌግራም ለመሸጥ ስልክ ቁጥራችንን አስፍረን ገዢን ወደ ቤታችን ስንጠራ ነው። ሦስተኛውን ደግሞ የአውሮፕላን ትኬት ፎቶ፣ «ወደ ላሊበላ ጉዞ ጀመርን» የሚል ጽሑፍ፣ በቀጥታ የሚተላለፍ የሠርግ ቪዲዮ ይመልሱለታል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጉዳት ያለው አይመስልም። አደጋው ሲደማመሩ ነው።

በሌላው ዓለም የታየው

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 ሦስት የኔዘርላንድስ ወጣቶች «እባካችሁ ዝረፉኝ» የሚል ትርጉም ያለው ስም የሰጡትን ድረ ገጽ ከፈቱ። ድረ ገጹ የሠራው ሥራ ቀላል ነበር። ሰዎች ፎርስኩዌር በተባለው አገልግሎት በኩል «አሁን እዚህ ቦታ ነኝ» ብለው ትዊተር ላይ በይፋ የጻፉትን ሰብስቦ በአንድ ቦታ ማሳየት ብቻ። ወጣቶቹ ሌባን ለመርዳት አልተነሱም። «እዚህ ነኝ» ማለት «ቤቴ የለሁም» ማለት እንደሆነ ለማስተማር ነበር።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009፣ በሎስ አንጀለስ ጥቂት ወጣቶች ፓሪስ ሂልተንን ጨምሮ የታዋቂ ሰዎችን ቤት ዘርፈዋል። ባለቤቶቹ ከከተማ የሚወጡበትን ቀንና የቤታቸውን አድራሻ ያገኙት ከኢንተርኔት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ደግሞ ኪም ካርዳሺያን ፓሪስ ውስጥ በመሣሪያ ተዘረፈች። ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ጌጣጌጧም የጉዞዋ ቀንም ኢንተርኔት ላይ ይታይ እንደነበር ለመርማሪዎች መናገሩ ተዘግቧል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የፓሪስ ፍርድ ቤት ከቀረቡት 10 ተከሳሾች 8ቱን ጥፋተኛ ብሏል።

«እነርሱ ሀብታሞች ናቸው፤ እኛን ማን ያየናል?» የሚል ይኖራል። የሠርግ ወርቅና አንድ ላፕቶፕ ግን በእኛ አገር ኑሮ የዓመታት ጥሪት ነው።

በደብረ ታቦር ስም ራሱ አድራሻ ነው

ብዙዎቻችን «የቤት ቁጥሬን እስካልጻፍኩ ድረስ ማን ያገኘኛል?» እንላለን። ይህ አባባል ለትልቅ ከተማ በከፊል ሊሠራ ይችላል። ለደብረ ታቦር ግን አይሠራም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከተማዋ 55 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ፣ ከተማዋም ሰፍታ ነዋሪው ጨምሯል። ያም ሆኖ የአንድን አባወራ ስም ይዞ አውቶቡስ መናኸሪያ የወረደ እንግዳ ሁለት ሰው ጠይቆ ሦስተኛው እስከ በሩ ያደርሰዋል። ይህ ደግነታችን ነው። ከወረታ እስከ ነፋስ መውጫ፣ ከአዲስ ዘመን እስከ እብናት ነገሩ ያው ነው። እኔ «የደብረ ታቦሩ ቤተሰብ» ብዬ ከነፎቶው ስጽፍ ሙሉ አድራሻ ሰጥቻለሁ ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ ሌባ ቤት ባዶ የሚሆንበትን ቀን ለማወቅ የግድ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። በቡሄ፣ ደብረ ታቦር በዓሏን በምታከብርበት ነሐሴ 13፣ ወይም በጥምቀት ከተማው ሁሉ ወጥቶ እንደሚውል ማንም ያውቃል። ነገር ግን ያን ቀን ጎረቤትም ያውቃል፤ ቤት የሚጠብቅ አንድ ሰው ይቀራል። እኔ የለጠፍኩትን ግን ያየው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የማላውቀውን ሰው ደግሞ ልጠነቀቀው አልችልም።

ጉዳዩ ከቴሌቪዥንና ከወርቅም አልፏል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ሰዎችን አግቶ ገንዘብ መጠየቅ መስፋፋቱን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም አሳስቦበታል። እንዲህ ባለ ጊዜ «የእገሌ ልጅ አሜሪካ ናት፤ ቤት ሠራችላቸው» የሚል ቪዲዮ ለሚያግተው ሰው የዋጋ መነሻ ሊሆነው ይችላል። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ እንኳ ከአዲስ አበባና ከውጭ ያለነው ስለ ቤተሰባችን መለጠፋችንን አልተውንም። የቤቱ ባለቤት ስለ ቤቱ የተጻፈውን ማየት በማይችልበት ጊዜ ሌላው ዓለም ያይ ነበር።

ያወቀ ሁሉ ተጠያቂ ነበር

በልጅነቴ፣ በጉና ግርጌ፣ ስንት ከብት አለህ ተብሎ የተጠየቀ ገበሬ ቁጥር ሲናገር አልሰማሁም። «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ይልና ወሬውን ያዞራል። መንገድ የሚሄድ ሰው ቤቱን ለአንድ ጎረቤት በአደራ ይሰጣል እንጂ መሄዱን ገበያ ላይ አያውጅም። የደብር ገበዝ የዕቃ ቤቱን መስቀልና የብራና መጽሐፍ በዓል ካልሆነ በቀር አያወጣም። ይህን ንፉግነት ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ገመናን መጠበቅ ነው።

ከዚህም በላይ ዕውቀትና ኃላፊነት አብረው ይሄዱ ነበር። በቀድሞው ዘመን ቤት ሲዘረፍ ወይም ሲቃጠል አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይጠራል። የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ፣ ምሎ፣ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ጥፋተኛው ካልተገኘ ሕዝቡ አዋጥቶ ካሣ የሚከፍልበት ሁኔታም ነበር። ሥርዓቱ ንጹሑን ከአጥፊው ጋር የሚቀጣበት ግፍ ስለነበረው እንዲመለስ አልመኝም። አንድ ቁም ነገር ግን ነበረው። ስለ ቤትህ የሚያውቅ ሰው ለቤትህ ይጠየቅ ነበር። ዛሬ ፌስቡክ ላይ 2 ሺህ «ጓደኛ» ስለ ቤቴ ያውቃል፤ አንዱም አይጠየቅም።

ሕጉስ ምን ይላል?

ሕጋችን ስለ ቤት ዝም አላለም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ የመኖሪያ ቤትንና የግንኙነትን ምስጢራዊነት ያስከብራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 13 የመኖሪያ ቤት የማይደፈር መሆኑን ይደነግጋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 604 የሰው ቤት መድፈርን ይቀጣል፤ ከባድ ስርቆትን ደግሞ በአንቀጽ 669 ለብቻው ደንግጎ ቅጣቱን ከተራው ስርቆት ያከብደዋል።

ይሁንና እነዚህ ሁሉ የሚጠብቁን ከሌላ ሰው ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ ሰብሮ የሚገባን ይቀጣል፤ እኔ በይፋ የጻፍኩትን ያነበበ ሰው ግን ምንም አልሰበረም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ትኩረቱ የሰውን መረጃ ሰብስበው በሚይዙና በሚጠቀሙ ላይ ነው። በገዛ ፈቃዴ ለዓለም የበተንኩትን መልሶ አይሰበስብልኝም።

አንድ አንቀጽ ግን እኔን ራሴን ይመለከተኛል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል። እህቴን ፈቃድ አልጠየቅኳትም። ይህን አንቀጽ ከሠላሳ ዓመት በፊት ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ በመልሱ ዕለት ግን ትዝ አላለኝም። ከቤተሰብ ጋር ስለሆነ ፈቃድ የሚያስፈልግ አይመስለንም። ፎቶው የእኔ ቢሆንም ቤቱ ግን የእርሷ ነበር።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጉዞን ከተመለሱ በኋላ መለጠፍ። ሠርጉም ጉብኝቱም በሳምንቱ ቢታይ ውበቱ አይቀንስም።

ሁለተኛ፣ የስልክ ካሜራ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ ከምስሉ ጋር መዝግቦ ሊያስቀምጥ ይችላል። ይህን በካሜራው ማስተካከያ ማጥፋት ይቻላል። በተለይ ፎቶን በቴሌግራም እንደ ፋይል ስንልክ ያ መረጃ አብሮ ሊሄድ እንደሚችል እንወቅ።

ሦስተኛ፣ ጽሑፋችንን ማን እንደሚያየው መወሰን። ፌስቡክ ከዚህ ቀደም የለጠፍናቸውን ጭምር ለጓደኞች ብቻ የምናደርግበት ማስተካከያ አለው። ቴሌግራምም ስልክ ቁጥርን መደበቅ ያስችላል። የማናውቃቸውን «ጓደኞች» መቀነስም ነውር አይደለም።

አራተኛ፣ ከፎቶው ጀርባ ያለውን ማየት። የግቢ በር፣ የመኪና ታርጋ፣ የልጅ ዩኒፎርም፣ የባንክ ደረሰኝ፣ ፓስፖርት፣ የፋይዳ ካርድ እዚያ ምን ይሠራሉ? የአዲስ ቤት ቁልፍ ይዞ ፎቶ መነሳትም ይቅርብን። እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሩቅ በተነሳ ፎቶ ብቻ ቁልፍን አስመስሎ መቅረጽ እንደሚቻል አሳይተዋል።

አምስተኛ፣ ዕቃ ስንሸጥ ገዢን ሰው በሚበዛበት ቦታ እንቅጠር። ልቅሶ ስናስታውቅ ድንኳኑ የተተከለበትን መንገር ይበቃል፤ ቤቱን ዘግቶ ወደ ቀብር የሄደውን ሁሉ መዘርዘር አያሻም።

ስድስተኛ፣ ቤተሰብ በአንድነት ይስማማ። አንዱ ቢጠነቀቅ የልጅ ልጁ በቲክቶክ ቢያሳይ ከንቱ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች በተለይ፣ ለወላጆቻችሁ የላካችሁትንም የምትመጡበትንም ቀን ለራሳችሁ ያዙት።

ሰባተኛ፣ ቤቱ ተሰብሮ ቢገኝ ዕቃ ሳይነካ ፖሊስ ይጠራ። የስልክና የላፕቶፕ መለያ ቁጥር አስቀድሞ ተመዝግቦ ቢቀመጥ ዕቃው ሲገኝ የባለቤትነት ማስረጃ ይሆናል። በንዴት ተነሳስቶ «ሌባው ይህ ነው» ብሎ የሰው ምስል መበተን ግን በስም ማጥፋት ሊያስከስስ ይችላል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽን እንኳ ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ነው ይላል።

«ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይላሉ አባቶች። ድሮ ከአፍ የወጣው አፋፍ ደርሶ ቢቀር ቢበዛ ሰፈሩ ነበር የሚሰማው፤ ዛሬ አፋፉ ወዲያኛው ጫፉ አይታይም። እህቴ ባለፈው ፋሲካ አዲስ አበባ መጥታ ሰነበተች። ቁልፉን ለጎረቤቷ በአደራ ሰጥታ፣ ለእኔ ደግሞ ገና ከመኪና ሳትወርድ ስልኬን በጣቷ እያመለከተች «እርሱን ኪስህ ክተት» አለችኝ። ከተትኩት። ፎቶ ተነስተናል፤ ያለው በቤተሰቡ አልበም ውስጥ ነው።

ቸር እንሰንብት።