ታውንሺፕ፦ የገጠር ቀበሌ

ታውንሺፕ በኦሃዮ፣ በኢንዲያና፣ በሚኒሶታና በሌሎች የአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ ግዛቶች ከካውንቲ ሥር የሚገኝ እርከን ነው። ስሙ ከተማ ቢያስመስለውም፣ አብዛኛው እርሻና የገጠር መንደር ነው። በላይ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ላይ ሆኖ ለሚያነብ ሰው የሚቀርበው አቻ «የገጠር ቀበሌ» ነው፤ ካውንቲውንም «ወረዳ» ማለት ያስኬዳል። በደቡብ አፍሪካ ታውንሺፕ የሚባለው እንደ ሶዌቶ ያለው የጥቁሮች ሰፈር ስለሆነ ይህ ፍቺ እዚያ አይሠራም።

አቻነቱ የሚታየው በሥራው ነው። በኦሃዮ ታውንሺፕን የሚመሩት ነዋሪው የሚመርጣቸው 3 ባለአደራዎች ናቸው፤ ሒሳቡን የሚይዝ ሹምም ይመረጣል። የገጠር መንገድ ያስጠግናሉ፣ የመቃብር ቦታ ይጠብቃሉ፣ የእሳት አደጋ አገልግሎት ያደራጃሉ። የላይ ጋይንት ገበሬም መታወቂያ ሲያወጣ ወይም የመሬት ጉዳይ ሲገጥመው መጀመሪያ የሚሄደው ቀበሌው ዘንድ ነው።

ልዩነቱ ወሰኑ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1785 የወጣው የአሜሪካ የመሬት ድንጋጌ የምዕራቡ አገር 6 ማይል በ6 ማይል እየተለካ እንዲከፈል አዘዘ። ቀያሾች ሰንሰለት እየዘረጉ ወንዙንም ጫካውንም በቀጥታ መስመር አቋረጡት። አንዱ ታውንሺፕ 93 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በ36 እኩል ክፍሎች ይሸነሸናል፤ የእያንዳንዱ ስፋት 640 ኤከር፣ ማለትም 259 ሄክታር ገደማ ነው። 16ኛው ክፍል ለትምህርት ቤት መደገፊያ ተለይቶ ይቀመጥ ነበር፤ በጎንደር ምድር የሰሞን መሬት የቤተ ክርስቲያኑን አገልግሎት ይደግፍ እንደነበረው ማለት ነው። ሆኖም ያ ምድር ባዶ አልነበረም። መስመሩ የተሰመረው በጦርነትና በውል ከተፈናቀሉት ነባር ሕዝቦች መሬት ላይ ነው፤ ይህን ሳይነግሩ ታውንሺፕን ማስረዳት ታሪኩን ማጉደል ነው።

የእኛ የገጠር ቀበሌ መነሻ የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ነው። በአዋጁ መሠረት ለቀበሌው መነሻ የሆነው የገበሬ ማኅበር የሚቋቋመው ቢያንስ በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር ገደማ መሬት ላይ ነበር። መለኪያው ከላይ ቢመጣም መሬቱን ያቀናው ሕዝብ በቦታው ነበር፤ ጎጡም አጥቢያውም ስም ነበራቸው። ከጉና ደጋ እስከ ስማዳ ቆላ አገሩ ገደልና ሸለቆ በመሆኑ ቀጥ ያለ መስመር አይመቸውም፤ ወሰን የሚሆነው ወንዙ፣ ሸንተረሩ ወይም የገደሉ አፋፍ ነው። የገበሬው የይዞታ ደብተርም ማሳውን የሚያውቀው በአዋሳኞቹ ነው፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ ይላል። የአሜሪካው ሰነድ ግን የክፍሉንና የታውንሺፑን ቁጥር ይጠራል።

ስለዚህ ጽሑፉ ስለ አስተዳደር ሲያወራ «የገጠር ቀበሌ» እንበል። ስለ መሬት ልኬት ሲሆን ግን «የቅየሳ ቀበሌ» ብንለው ይሻላል፤ ባለ 6 ማይሉ ቅየሳ ባለአደራ የማይመረጥባቸውን ቦታዎች ጭምር ይሸፍናልና። ሁለቱን ያልለየ ትርጉም፣ መሬቱን የሸነሸነውን መስመርና ሰዎች ተሰብስበው የሚመክሩበትን አስተዳደር አንድ አድርጎ አንባቢውን ያሳስታል።