ከግቢ ወደ ሳሎን፦ ትንሹ ውሻ በሁርሊንግሃም

ሁርሊንግሃም ከናይሮቢ መሀል ከተማ በስተምዕራብ፣ ከኪሊማኒ ጋር ተያይዞ ያለ ሰፈር ነው። ናይሮቢ የተቆረቆረችው የሞምባሳው ባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1899 ስፍራው ሲደርስ ነው። የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ነዋሪውን በዘር ለይቶ ሲያሰፍር፣ በምዕራብና በሰሜን ያለውን ከፍ ያለ መሬት ለአውሮፓውያን ሰጠ። በዚያም አትክልት ቦታና የሠራተኛ ክፍል ያላቸው ሰፋፊ ግቢዎች ተሠሩ። የሰፈሩ ውሻ ታሪክ የሚጀምረው ከነዚህ ግቢዎች ነው።

ሰፋሪዎቹ ትልቁን ውሻ ለጥበቃና ለአደን፣ ትንሹን ለጓደኝነት የመያዝ ልማድ ከአገራቸው ይዘው መጡ። እንግሊዝ ውስጥ ትንሽ ውሻ በሳሎን ማሳደግ በ19ኛው መቶ ዘመን ከባላባቱ አልፎ ወደ ከተሜው ተስፋፍቶ ነበር። ፔኪኒዝ የተባለው ዝርያ ወደዚያ የገባው የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር በ1860 የቤጂንግን የበጋ ቤተ መንግሥት ሲዘርፍ ሲሆን፣ ከተወሰዱት ውሾች አንዷ ለንግሥት ቪክቶሪያ ተበርክታለች። በኢትዮጵያም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የሚባል ቺዋዋ ነበራቸው፤ መቃብሩ ዛሬ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት በሚባለው በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ ይገኛል። ከቤተ መንግሥቱ ውጭ ግን የውሻ ቦታ በአብዛኛው ደጅ ነበር።

ናይሮቢ ውስጥ የውሻ አያያዝን ከፋሽን ይበልጥ የቀረጸው በሽታ ነው። በኬንያ የእብድ ውሻ በሽታ በላቦራቶሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው በ1912፣ በናይሮቢ ዳርቻ በነበረ ውሻ ላይ ነው። ውሻን ማሰር፣ ማስመዝገብና መከተብ የከተማ ሥርዓት የሆነው ከዚህ ሥጋት የተነሣ ነው። አዲስ አበባም ተመሳሳይ ሥጋት ነበረባት፤ የተነከሰ ሰው ክትባት ፍለጋ ወደ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሄድ ነበር።

ሁለተኛው ጠላት መዥገር ነው። ቡናማው የውሻ መዥገር ከሌሎቹ የሚለየው በቤት ውስጥ፣ በግድግዳ ስንጥቅና በውሻ መኝታ መራባት በመቻሉ ነው። ስለዚህ ሳሎን የሚውል ውሻም አያመልጠውም። የሚያስተላልፋቸው ባቤዚያና ኤርሊኪያ ትኩሳት፣ የደም ማነስና መድማት ያመጣሉ። ለባቤዚያ መድኃኒት የተገኘው በ1909፣ ጆርጅ ነትልና ባልደረባው ትራይፓን ብሉ የተባለው ቀለም የታመሙ ውሾችን እንደሚፈውስ ባሳዩ ጊዜ ነው። ኤርሊኪያ ደግሞ በ1935 አልጄሪያ ውስጥ ተለየ፤ ዛሬ የሚታከመው በዶክሲሳይክሊን ነው።

ኬንያ በ1963 ነፃ ስትወጣ ሰፈሩ ለሁሉም ተከፈተ። ሁርሊንግሃም መንገድ ይባል የነበረው ዋና ጎዳናም በዚያው መንገድ በ1969 ሕይወቱ ባለፈው ጠበቃና ሚኒስትር በአርግዊንግስ ኮዴክ ስም ተጠራ። ከ1974ቱ የኢትዮጵያ አብዮት ወዲህ ወደ ናይሮቢ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን በዚህ አካባቢ ሰፍረው ምግብ ቤቶችን ከፍተዋል። ከ2000 ወዲህ ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው አፓርታማ ተተካባቸው። ግቢው ሲጠፋ ለትልቅ ጠባቂ ውሻ የሚሆን ቦታም ጠበበ፤ ጥበቃው ለዘበኛና ለኤሌክትሪክ አጥር ተተወ፤ እንደ ማልቲዝና ጃፓን ስፒትዝ ያሉ ትናንሽ ዝርያዎች ግን ለፎቅ ኑሮ ይመቻሉ። የዝርያ ውሾች የሚመዘገቡበት የምሥራቅ አፍሪካ ኬነል ክለብም በቅርብ ርቀት፣ በጃምሁሪ ፓርክ ነው።

የትንሽ ውሻ እንክብካቤ የራሱ መላ አለው። ጥርሶቹ በጠባብ መንጋጋ ስለሚጨናነቁ ቶሎ ይበላሻሉ፤ በብሩሽ ማጽዳት ያስፈልጋል። የመተንፈሻ ቧንቧው ደካማ ስለሆነ ገመዱ ከአንገት ይልቅ በደረት ቢታሰር ይመረጣል። ቡችላው የደም ስኳሩ እንዳይወርድ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይበላል። ናይሮቢ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ብርድ ፀጉረ አጭሩን ያስቸግረዋል። በዝናብ ወራትና ከዚያ በኋላ ጆሮውንና የጣቶቹን መሀል ለመዥገር መፈተሽ የየዕለት ሥራ ነው።

የእብድ ውሻ ክትባት የመጀመሪያው በሦስት ወር ዕድሜ ይሰጣል፤ በዓመቱ ይደገማል። ኬንያ በውሻ የሚተላለፈውን በሽታ እስከ 2030 ለማጥፋት በ2014 ዕቅድ አውጥታለች። የበሽታው ሰንሰለት እንዲበጠስ ከአካባቢው ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው መከተብ ስላለበት፣ ከፎቅ የማይወርደውም ውሻ ከዘመቻው አይቀርም።