የአጥንት መሳሳት መድኃኒቶችና የመንጋጋ አጥንት ጉዳት

ለአጥንት መሳሳት ሕክምና የሚታዘዙት አሌንድሮኔት፣ ዞሌድሮኒክ አሲድና ዴኖሱማብ የዳሌና የአከርካሪ አጥንት ስብራትን ይቀንሳሉ። ሆኖም አልፎ አልፎ የመንጋጋ አጥንት መሞትን ሊያስከትሉ ይችላሉ። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚከሰተው ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ቁስሉ ሳይድን ቀርቶ አጥንቱ ከ8 ሳምንታት በላይ ተጋልጦ ሲቆይ ነው። ስጋቱ መድኃኒቶቹን ለካንሰር ሕክምና በከፍተኛ መጠን በሚወስዱ ሕሙማን ላይ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ለአጥንት መሳሳት በሚወስዱት ላይ ዝቅተኛ ነው።

ስለሆነም መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የጥርስ ምርመራ ማድረግና መነቀል ያለበትን ጥርስ አስቀድሞ ማስነቀል ይመከራል። ሕክምናውን የጀመረ ሰው ጥርስ ከማስነቀሉ በፊት ለጥርስ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ስም መንገር ይኖርበታል። በዓመት ወይም በ6 ወር አንድ ጊዜ በመርፌ የሚሰጡት በቀላሉ ስለሚዘነጉ ልዩ ትኩረት ያስፈልጋቸዋል።

የማይድን የድድ ቁስል፣ የመንጋጋ ሕመም ወይም እብጠት፣ መግል፣ የጥርስ መነቃነቅ ወይም የከንፈር መደንዘዝ ሲያጋጥም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ውሳኔ ማቋረጥ ግን አይመከርም፤ በተለይ ዴኖሱማብ በድንገት ሲቋረጥ የአከርካሪ አጥንት ስብራት ሊከተል ይችላል።