ከቦሌ ሐረር በረራው ስንት ሰዓት ነው?

አንድ የድሮ ተማሪዬ ሰሞኑን በውስጥ መስመር የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። መልሱ ታሪክ ስላለው ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ሐረር የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም። «ሐረር ሜዳ» የሚባለው ያለው ቢሾፍቱ ነው፣ የአየር ኃይሉ ሰፈር። እኛ የምንወርደው ድሬዳዋ ነው። ከቦሌ ድሬዳዋ በአየር 340 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በረራው ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ደንገጎን ወጥቶ፣ ሐረማያን አልፎ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የመኪና መንገድ አለ። የሶፊ ሰው ከሆንክ ሐረር ደርሰህም ገና ትቀጥላለህ።

ታዲያ ማረፊያው ለምን ድሬዳዋ ሆነ? ነገሩ የሚጀምረው ከባቡሩ ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ውል ሲሰጡ የመጀመሪያው ክፍል ከጅቡቲ እስከ ሐረር ነበር። ግን ሐዲዱን ተራራ ላይ ማውጣት ወጪው ከበደ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ቆመ፣ ድሬዳዋም ተወለደች። የዘመናት የነጋዴ ከተማ ሐረር ከዋናው መስመር ወጣች። አውሮፕላኑም በኋላ ሲመጣ ያረፈው እዚያው ቆላው ላይ ነው።

የሚገርመው የድሬዳዋ ማረፊያ ስሙ የሐረር ነው! አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ የራስ መኮንን ልጅ፣ ከአባታቸው በኋላ ሐረርን የገዙ ናቸው። «አባ ጤና» የፈረስ ስማቸው ነው። አባትየው ራስ መኮንን ደግሞ በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ መንገድ ላይ ታመው ቁልቢ ላይ ነው ያረፉት። የሐረር ገዥ እንኳ መንገዱን ሳይጨርስ ቀረ።

ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦም በ1873 ዓ.ም. ከዘይላ ሐረር ለመግባት በፈረስ 20 ቀን ፈጅቶበታል። በ1883 ዓ.ም. ጉልበቱ ታሞ ሲመለስ 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመውት ዘይላ ለመድረስ ወደ 12 ቀን ወሰደበት። ርቀቱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዛሬ በአንድ ሰዓት ከምንበረው ያንሳል። ማርሴይ ሲደርስ እግሩ ተቆረጠ፣ ከወራት በኋላም ሞተ።

ይህን ያነሳሁት አውሮፕላኑን ለማጣጣል አይደለም። በ12 ቀንና በአንድ ሰዓት መካከል ያለው የሰው ሕይወት ነው'ኮ። ግን ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከማረፊያ እስከ ማረፊያ ያለውን ብቻ ነው። ታማሚ ይዛችሁ ስትነሱ፣ ዘመድ ለመቅበር ስትመጡ፣ ከደጃችሁ እስከ ደጁ ቁጠሩት። የደንገጎን ዳገት አትርሱ፤ ባቡሩን ያስቆመው እሱ ነው።