የሩጫ ጫማ ሶልና የወገብ ሕመም

የሩጫ ጫማን ለወገብ ጤና ብሎ መምረጥ የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2:15:16 ሲያሸንፍ፣ የዘመኑ የማራቶን ጫማ ሶል ስስ ጎማ ነበር። በ1970ዎቹ ሶምሶማ በአሜሪካ የተራው ሰው ልማድ ሲሆን አስፋልት ላይ ሮጦ ጉልበቱንና ወገቡን የሚያመው በዛ፤ ጫማ ሠሪዎችም ፊታቸውን ወደ ሶሉ አዞሩ። ብሩክስ በ1975 «ቪላኖቫ» በተባለው ጫማው ኢቪኤ የሚሉትን ቀላል ስፖንጅ አስገባ። ስፖንጁ ተረከዝ መሬት ሲመታ ተጨምቆ ምቱን ያለዝባል፤ ብዙ ከተሮጠበት ግን ይጠቀጠቃል፣ ጎኑም ላይ አግድም ሽብሽብ ይወጣል። ናይኪ በአየር፣ አሲክስ በጄል ተከተሉ።

ሱቆች ደግሞ የእግርን ቅርጽ ከእርጥብ ዱካው እያዩ ጫማ «ማዘዝ» ያዙ። የአሜሪካ ጦር ይህንኑ በምልምሎቹ ላይ ሲፈትነው፣ በእግራቸው ቅርጽ የተመረጠላቸውም ያልተመረጠላቸውም እኩል ያህል ተጎዱ። ለቆየ የወገብ ሕመም ወፍራም ሶል ይሻላል የሚለውም ቢሆን ከማስረጃ ይልቅ በማስታወቂያ የቆመ ነው። ተመራማሪው ቤኖ ኒግና ባልደረቦቹ በ2015 ያቀረቡት መላምት ቀለል ያለ ነው፦ ሯጩ አድርጎት ሲሮጥ የተመቸውን ይምረጥ።