ተመራጩ እግር ሁልጊዜ ጠንካራው ነው?

በደቡብ ሱዳን መዲና ጁባ እግር ኳስም ቅርጫት ኳስም የሚጫወት ታዳጊ፣ የሚመርጠው እግር እንደ ስፖርቱ ሊለያይ ይችላል።

በእግር ኳስ ተመራጭ የሚባለው ኳሱን የሚመታው እግር ነው። እአአ በ1998ቱ የዓለም ዋንጫ ተጫዋቾች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ከአምስቱ አራቱ ገደማ ቀኝ እግራቸውን እንደሚያዘወትሩ አሳይቷል። ቀኙ ሲመታ ግን የሰውነትን ክብደት የሚሸከመውና ሚዛን የሚጠብቀው ግራው ነው።

አገሪቱ በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 በረታችበት ቅርጫት ኳስ ደግሞ፣ ወደ ቅርጫቱ እየሮጠ በቀኝ እጁ የሚያስቆጥር ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ተስፈንጥሮ የሚነሳው በግራ እግሩ ነው።

ልዩነቱ ከጉዳት በኋላ ይበልጥ ያሳስባል፦ ጉልበቱ የተጎዳ ስፖርተኛ ወደ ሜዳ ከመመለሱ በፊት የሁለቱ እግሮች ጥንካሬ ይነጻጸራል። ያኔ መታወቅ ያለበት የሚመታው እግር ብቻ ሳይሆን የሚሸከመውም ጭምር ነው።