ከአስፋልቱ ወዲያ ያለችው ቆቦ

ለዛሬ የመግለጫዎችንና የመልስ መግለጫዎችን ነገር እናቆየውና ስለ እግር ጉዞ እናውጋ። ነገሩ ከፖለቲካ የራቀ ቢመስልም መዳረሻው እዚያው መሆኑ አይቀርም።

አዲስ አበባን በእግር መዞር የቆየ ልማዴ ነው። ከእሪ በከንቱ እስከ ሠራተኛ ሰፈር፣ ከዶሮ ማነቂያ እስከ ጉለሌ ባሉት ጉራንጉሮች ያገኘሁት ታሪክ በቤተ መጻሕፍት ካነበብሁት አያንስም። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ከሌሎች የፒያሳ ነባር መንደሮች ጋር ሲፈርስ ለቅሶ የተቀመጥነው ብዙ ነበርን። ፎቶግራፉም፣ ትዝታውም፣ ጨዋታውም ስለነበረ ሰፈሩ ስሙን አስጠርቶ ሞተ። ለመሆኑ ስሙን የሚጠራለት የሌለው ሰፈርስ? የመዲናዋ እግረኛ ዞር ብሎ የማያየው የክፍለ ሀገር ከተማ ጓሮስ? ከአንድ ዓመት በፊት ያደረግሁት የቆቦ ጉዞ እንደገና የመጣብኝ በዚያ ሰሞን ነበር።

ቆቦን አብዛኞቻችን የምናውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል፤ ጎብዬና ሮቢት ይታለፋሉ፤ ሙቀቱ ይበረታል፤ ከዚያ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ይመጣሉ። ተሳፋሪው ሻይ ጠጥቶ ወደ ዋጃና ወደ አላማጣ ይቀጥላል፤ ከዚያም የግራት ካሕሱን ጠመዝማዛ ወጥቶ ኮረም ይገባል። እኔም ለብዙ ዓመታት ያየኋት እንዲሁ ነው። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ግን ለቅሶ ለመድረስ ሄጄ ሦስት ቀን ተቀመጥሁ። የአንድ ወዳጄ ወንድም የሞተው በጳጉሜ 2013 ነበር። ለቅሶ የደረስሁት ከአንድ ዓመት ከስምንት ወር በኋላ መሆኑ ነው። በመካከሉ የነበረውን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

በመጀመሪያው ጧት ከአስፋልቱ ወጥቼ በአንዱ ቀጭን መንገድ ወደ ምዕራብ ሄድሁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሱቅ አለቀ። የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ቤቶች፣ የግራር አጥር፣ በየግቢው እንደ ጎጆ የተቆለለ የማሽላ አገዳ፣ ከአገዳው ሥር የተንበረከከ ግመል። ከፊት ለፊት የደጋው ግድግዳ እንደ መጋረጃ ቆሟል። ዞር ብዬ ወደ ምሥራቅ ስመለከት ደግሞ ከሜዳው ባሻገር የዞብል ተራራ ታየኝ። በኋላ ከአባትየው ጋር ስንጨዋወት አንድ ነገር ልብ አልሁ። ሽማግሌው አቅጣጫ ሲነግሩኝ «ወደ ወልድያ» ወይም «ወደ አላማጣ» አይሉም። ወይ «ወደ ጋራው» ነው፣ ወይ «ወደ ዞብል»።

ይህ የአነጋገር ልማድ ብቻ አይደለም። አስፋልቱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ውሃው ግን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የሚወርደው። ዝናቡ ደጋው ላይ ይጥላል፤ ቆላው ፀሐይ እየመታው ሳለ ሆርማትና ጎሊና ድንገት በደለል ቀልተው ይመጣሉ። ገበሬው ይህን ጎርፍ በአፈር፣ በድንጋይና በእንጨት ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ረጅም ጊዜ የሚወስዱት ጅጉርቲና ደጋሊት የሚባሉት የማሽላ ዓይነቶች በሜዳው ላይ የበቀሉት የሰማይ ዝናብ ብቻ አብቅሏቸው አይደለም፤ የጋራው ጎርፍ ታክሎበት ነው። ከሰው ይልቅ ደመና ስለሚጠበቅ የራያ ገበሬ ዓይኑ ወደ ምዕራብ ነው። በኋላ ዘመን የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ እያወጣ ሽንኩርትና ቲማቲም ማስመረት ቢጀምርም የሜዳው ጠባይ አልተለወጠም። ደገኛው እህሉንና በጉን ይዞ ከምዕራብ ይወርዳል፤ አፋሩ ከምሥራቅ ይመጣል፤ የሚገናኙት ቆቦ ላይ ነው። በአንድ ገበያ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ የሚሰማው ስለዚህ ነው።

በሰሜን ደቡቡ መሥመር የሚያልፈው ማን ነው? ጦር ነው፤ መንግሥት ነው፤ እርዳታ ነው፤ ጋዜጠኛ ነው። ዛሬ የምንነዳበትን ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰውን የመኪና መንገድ ያበጀው ጣሊያን በወረራው ዘመን ነው። ሆኖም ሠራዊት ሜዳውን የማቋረጡ ነገር ከጣሊያን በፊት የቆየ ነው። የራያን ታሪክ የጻፉልን ደግሞ በዚሁ መሥመር ያለፉት ናቸው። በኔ ግምት ብዙው ስሕተት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የ1928ቱን ነገር እንውሰድ። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ጦርነቱ ከተደረገ በኋላ፣ ወደ ኋላ ይመለስ የነበረውን የንጉሠ ነገሥቱን ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ ከሰማይ የጣሊያን አውሮፕላን ሲደበድበው፣ ከምድር ደግሞ ከጣሊያን መሣሪያና ገንዘብ የተቀበሉ የራያና የአዘቦ ሰዎች ወጉት። በትምህርት ቤት የተማርነው ይህንን ነው፤ እውነትም ነው። «ራያ ከዳ» ተብሎ ምዕራፉ ይዘጋል። ግን እኮ ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከ1920 እስከ 1922 ዓ.ም.፣ ራያና አዘቦ አምፀው ጦር ዘምቶባቸው ነበር። ራስ ጉግሣ ወሌም ያንን አመፅ እንዲያበርዱ ታዘው፣ ከማዕከሉ ጋር ተቃቅረው፣ መጨረሻቸው አንቺም ላይ መሞት ሆነ። የሞቱትም መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው፤ ልክ ማይጨው በተደረገበት ዕለት፣ ከስድስት ዓመት በፊት። ለግጥምጥም ትርጉም ከሚሰጡት ወገን አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ ይህን ቀን ለተማሪዎቼ ሳልጠቅስ አልፌ አላውቅም።

ዘመቻ ማለት በዚያ ዘመን ምን እንደሆነ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሠራዊቱ ስንቅ የለውም፤ ስንቁ የባላገሩ ጎተራና በረት ነው። በዋናው መንገድ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው በ1928 የሚታየው ክዳት ነው። ከጓሮው ሆኖ የሚያይ ሰው ደግሞ የ1921ን ባዶ በረት አልረሳም። ጠላትን መሣሪያ አድርጎ ወገንን መውጋት ትክክል ነበር እያልሁ አይደለም። በመርዝ ጋዝ የተቃጠለ ወታደር ውሃ ፍለጋ ሲጎተት በጥይት መመታቱ በምንም ሚዛን አይቀልም። የምለው ሌላ ነው። ከ1928 ጀምሮ የሚተርክ ሁሉ፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ በመኪና መስኮት የሚያይ ሰው ነው።

በ1935 ዓ.ም. የተነሣው የወያኔ አመፅም እንዲሁ ነው። ራያና ወጀራት ከዋናዎቹ የአመፁ ምድሮች ነበሩ። በመስከረም 1936 ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ከደበደቡ በኋላ አመፁ ተሰበረ፤ በራያና አዘቦም የብዙ ሰው መሬት ተወረሰ። «ወያኔ» የሚለው ቃል ራሱ ከራያ ቆላ ወጣቶች ጨዋታ የተወሰደ ነው የሚሉ አሉ። ቃሉ በኋላ ወዴት እንደተጓዘና በማን ስም ላይ እንዳረፈ፣ ያ ስም ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ቆቦ ውስጥ በምን ሁኔታ ይጠራ እንደነበር ለማሰብ ለአንባቢ እተዋለሁ።

ወደ ሰፈሮቹ ልመለስ። በሁለተኛው ቀን ከአስፋልቱ ወደ ምሥራቅ ሄድሁ። በዚህ በኩል መንደሩ እየሳሳ ሄዶ ሳይታወቅ ማሳ ይሆናል። ከቁልቋል አጥር ሥር ከተቀመጡ አንድ አዛውንት ጋር ጥቂት ተጨዋወትን። ስለ 1965ና 66 ረሃብ ጠየቅኋቸው። ብዙ አልተናገሩም። እናታቸው ይዘዋቸው «ወደ መኪናው መንገድ» እንደወጡ ብቻ ነገሩኝ።

ይህች አነጋገር አብራኝ ሰነበተች። በዚያ ረሃብ የወሎ ገበሬ ወደ መኪና መንገድ የወጣው ለምን ነበር? እህል ከመንገድ ላይ አይበቅልም። የወጣው እዚያ ካልታየ ፈጽሞ እንደማይታይ ስለገባው ነው። በእርግጥም የታየው እዚያ ነው። በሚያዝያ 1965 ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሄዱ መምህራን ያነሷቸው ፎቶግራፎች ግቢው ውስጥ ለዕይታ ሲቀርቡ፣ በጥቅምት 1966 ደግሞ የእንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በለንደን ቴሌቪዥን ሲታይ፣ ዓለም ያየው በየመንገዱ ዳርና በየመጠለያው የተኮለኮለውን ሕዝብ ነበር። በ1977 ደግሞ ኮረም ሆነ። ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ የተላለፈው የማይክል ቡዌርክና የመሐመድ አሚን ዘገባ ዓለምን አንቀጠቀጠ። ከዋግ፣ ከላስታና ከራያ የወጣው ሕዝብ ኮረም ሜዳ ላይ ባይሰበሰብ ኖሮ ካሜራው ምን ያገኝ ነበር? መንገዱ ላይ ለመድረስ ጉልበት ያነሰው ከቁልቋሉ አጥር ኋላ ቀረ። የእሱ ፎቶግራፍ የለም። የረሃብ ታሪካችን የተጻፈው መራመድ በቻሉት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እዚህ ላይ የድንበሩን ነገር ባልነካው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን አይታለፍም። ከ1983 በኋላ ክልሎች ሲከለሉ ቆቦ በአማራ፣ አላማጣ በትግራይ ሆኑ፤ አንድ የነበረው ሜዳ በመካከሉ ተሠመረ። መሥመሩ የተሰመረው ምዕራብ ምሥራቁን የሜዳ ኑሮ አይቶ አልነበረም። ከዋጃ ወዲያና ወዲህ የተጋባው፣ የተበዳደረው፣ በአንድ ጎርፍ የሚያርሰው ሕዝብ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያለቅስ ተጠይቆ ተከፈለ። ክልሉን ያወጡትም፣ ዛሬ በየፊናቸው የሚሟገቱበትም ካርታ የሚያነቡት ከላይ ወደ ታች ነው።

ከዚያ በሐምሌ 2013 የትግራይ ኃይሎች ቆቦን ያዙ። ጳጉሜ 4 ቀን በአካባቢው ከገበሬዎች ጋር ውጊያ ከተነሣ በኋላ ከተማዋ ውስጥ ቤት ለቤት እየገቡ ያልታጠቁ ሰዎችን ገደሉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ባወጣው ዘገባ የዓይን ምስክሮችን ቃል አቅርቧል፤ በቅዱስ ጊዮርጊስና በቅዱስ ሚካኤል አብያተ ክርስቲያናት ግቢ አዳዲስ መቃብሮች መኖራቸውንም በሳተላይት ምስል አመልክቷል። ከመንገድ ያልታየው በመጨረሻ ከሰማይ ታየ ማለት ነው። በጓሮው በኩል ሄዶ ደጅ ያንኳኳ ግን ጥቂት ነው። በነሐሴ 2014 ጦርነቱ ሲያገረሽ መከላከያ ከተማዋን ለቀቀ፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። እኔ በግንቦት የደረስሁት በሁለት ጦርነቶች መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት ነበር። በሐምሌ መጨረሻ በመከላከያና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያው ሲፈነዳ መጀመሪያ ስማቸው ከተነሣው ከተሞች አንዷ ቆቦ ነበረች።

የወዳጄን ወንድም መቃብር ያሳዩኝ አባትየው ናቸው። በሦስተኛው ቀን ጧት፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ አልፈን ሄድን። በየበሩ ቆም እያሉ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ጥቂት እንራመድና በእጃቸው ሳይጠቁሙ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከዚህም አለ» ይሉኛል። ጥቂት እንሄድና ደግሞ «ከዚህም»። ስም አልጠሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ይህ ሁሉ ሲሆን ከአስፋልቱ የራቅነው ከአሥር ደቂቃ መንገድ አይበልጥም ነበር።

ከቀትር በኋላ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ እስከ ዋናው መንገድ ሸኙኝ። የወልድያው መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ረዳቱ ይጣራል። አባባ ግን መኪናውን አይመለከቱም። በምዕራብ በኩል ጋራው ጠቁሯል፤ እኛ የቆምንበት ግን ፀሐይ ነው።

«አባባ፣ በሉ ደኅና ይሁኑ» አልኋቸው።

«መንገድህን ያቅናልህ ልጄ» አሉ፤ ትከሻዬን ይዘው ሳሙኝ። «እኔ እንግዲህ ልሂድ፤ ውሃ ሊመጣብኝ ነው፤ የተረፈው ልጅ ብቻውን አይችለውም።»

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አስፋልቱን ተሻገሩና ወደ ጋራው አቀኑ።